ዋሽንግተን የሚለው ስም

በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ በራሱ አባት ስም ይጠራል። ስለዚህ ስማችን በየትውልዱ ይታደሳል። በእንግሊዞች ዘንድ ግን አንድ የቤተ ዘመድ ስም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመታት ይዘልቃል። እንዲህ ያለው ስም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ትረዱ ዘንድ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ዋሽንግተን የሚለውን ስም ታሪክ ባጭሩ ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዋሽንግተን በመጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በጥንቱ የደርሃም ግዛት፣ የሚገኝ የአንድ መንደር ስም ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት ዊሊያም የተባለ ባላባት ሃርትበርን የሚባለውን ርስቱን ለደርሃም ጳጳስ ሰጥቶ ይህን መንደር በልዋጩ ተቀበለ። ይህም ጳጳሱ በ1183 ባስጻፈው የርስት መዝገብ ላይ ይገኛል። ባላባቱም ርስቱን በለወጠ ጊዜ ስሙንም ለወጠ፤ የሃርትበርኑ ዊሊያም መባሉ ቀርቶ የዋሽንግተኑ ዊሊያም ተባለ። እንግዲህ ስሙ የተገኘው ከመሬት ነው።

ከዚህ ቤት አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደቡብ ወረደ። ሎውረንስ ዋሽንግተን በ1539፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን በሚዘጋበት ዘመን፣ ቀድሞ የገዳም የነበረውን የሰልግሬቭን ርስት ገዛ። ከዘሩም ጆን ዋሽንግተን የሚባለው በ1650ዎቹ ባሕር ተሻግሮ ቨርጂኒያ ገባና በዚያው ቀረ። ይህ ጆን በ1732 ለተወለደው ለጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያቱ ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተን የአሜሪካንን የነጻነት ጦር መርቶ፣ ከ1789 እስከ 1797 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ዋና ከተማውም በስሙ ተጠራ። ነገር ግን ከአብራኩ የተከፈለ ልጅ አልነበረውም። ደግሞም ስለ ነጻነት የተዋጋው ይህ ሰው በ1799 ሲሞት፣ ማውንት ቨርነን በሚባለው ርስቱ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል የራሱ ገንዘብ ይባሉ የነበሩት 123ቱ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዞ ነበር፤ እርስዋ ግን በሕይወት ሳለች በ1801 ለቀቀቻቸው።

በዚያ ዘመን በባርነት የተያዘው ሕፃን ብዙ ጊዜ ከአንድ ስም በቀር አልነበረውም። በ1856 በቨርጂኒያ ቡከር የተባለ ልጅ እንዲህ ሆኖ ተወለደ። በ1865 ነጻነት መጣ፤ ቡከርም ትምህርት ቤት ገባ። መምህሩ ስም ሲጠራ፣ ልጆቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ስም እንዳላቸው ሰማ። ተራው ሲደርስ ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» ብሎ ተናገረ። ይህ ልጅ አድጎ በ1881 በተመሠረተው በተስኪጊ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ሆነ፤ ተማሪዎቹም ጡብ እየሠሩ የመማሪያ ክፍላቸውን በገዛ እጃቸው አቆሙ።

በ2000 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ፣ ዋሽንግተን ከሚባሉት ሰዎች ከመቶው 90 ያህሉ ጥቁሮች ሆነው ተገኙ። የእንግሊዝ ባላባት ከመሬት ያገኘውን ስም ዛሬ በአሜሪካ ከሁሉ ይልቅ የሚጠሩበት፣ አያቶቻቸው መሬትም ስምም የተነፈጉ ሰዎች ናቸው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው ይህን ነው። ዊሊያም ስሙን በርስት ልዋጭ አገኘ፤ ጆርጅ ወረሰ፤ ቡከር ግን ምንም ሳይኖረው መርጦ ያዘና በሥራው አስከበረው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በአባታችሁ ስም የምትመኩ ብትሆኑ በእርሱ ላይ ምን እንደምትጨምሩበት አስቡ። ያባቱ ስም ያልታወቀለትንም ጓደኛችሁን አትናቁት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሚያውለው ግን ሥራ ነው።