በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ሲዘበራረቅ፦ ከመሰረዙ በፊት ምን ይደረጋል?

በወልድያ፣ በመርሳ ወይም በሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ከብዙ ዓመታት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ የመሬት ኪራይ ውል፣ የመስኖ ተጠቃሚዎች መተዳደሪያ ደንብ ወይም የዕድር መዝገብ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ሆሄያትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለው ፋይል «ተበላሽቷል» ተብሎ ይጣላል፤ ጽሑፉ ግን ብዙውን ጊዜ አልጠፋም።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቀድሞ ሶፍትዌሮች ግን ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቁጥሮች ላይ ያሳርፉት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላቲኑ ብቻ ይታያል።

የጽሑፍ ፋይል በየትኛው ሥርዓት እንደተቀመጠ የሚገምት ቻርዴት የተባለ ነፃ የፓይተን ላይብረሪ አለ። ፓይተን በተጫነበት ኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮት ላይ «ፒፕ ኢንስቶል ቻርዴት» የሚለው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከኢንተርኔት ወርዶ ይጫናል። ቀጥሎ «ቻርዴቴክት» ከሚለው ትእዛዝ ጋር የፋይሉ ስም ይጻፋል። መልሱ የሥርዓቱን ስምና ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የእርግጠኝነት መጠን ይሰጣል። ስሙ ዩቲኤፍ 8 ሆኖ መጠኑ ወደ 1 ከተጠጋ ጽሑፉ በዩኒኮድ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ፋይሉን ሲከፍቱ ዩቲኤፍ 8ን መምረጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ቻርዴት የቀድሞዎቹን የግዕዝ ፎንቶች አያውቅም፤ በእነርሱ የተጻፈውን የምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። በወርድ ለተዘጋጀ ሰነድም አይሆንም። እዚያ የሚሻለው ቀላሉ መንገድ ነው፦ ከተዘበራረቀው ጽሑፍ ጥቂቱን መርጦ ከላይ የሚታየውን የፎንት ስም ማንበብ። ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ በሰነዱ ውስጥ ተመዝግቦ ይቆያል። ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየርና በዚያው ፋይል ላይ ማስቀመጥ ትልቁ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ፊደሉ አይመለስም፣ የፎንቱ ስምም ይጠፋል።

ስለዚህ አስቀድሞ የፋይሉ ቅጂ በፍላሽ ይቀመጥ። ስሙ የታወቀው ፎንት ከተገኘና ከተጫነ ሰነዱ እንደ ቀድሞው ይነበባል፣ ይታተማልም። ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥ ግን ለዚያው ፎንት የተዘጋጀ መለወጫ ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ ፎንቶች አንድ ፊደል ከሁለት ቁርጥራጭ ይገጣጠም ስለነበር መለወጫው ሊሳሳት ይችላል። የተዋዋዮች ስም፣ የመሬቱ ስፋትና አዋሳኞቹ ፊርማ ካረፈበት ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ።