ጠያቂም ይጠየቃል፡- የጠቅላላ ዕውቀት ጨዋታ ከእንቆቅልሽ እስከ ቴሌግራም

‹‹ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?››

ይህንን ጥያቄ ከሥራ በኋላ ማኪያቶ ይዘው ለተቀመጡ ጓደኛሞች ቢያቀርቡላቸው፣ ከሁሉ ፈጥኖ የሚመልሰው ሰው ‹‹በ1966›› ሊል ይችላል፡፡ ‹‹የ66ቱ አብዮት›› የሚለው አጠራር በጆሮው ስላለ ነው፡፡ ሌላው ‹‹በ1974›› ይላል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ‹‹መስከረም 2 ቀን 1967›› ብሎ ዕለቱን ጭምር ይጠራል፡፡ የመጀመሪያው ተሳስቷል፡፡ ሦስተኛው ልክ ነው፡፡ ሁለተኛውስ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቦ ከሆነ እሱም አልተሳሳተም፤ ይሁን እንጂ የተጠየቀው ‹‹ዓመተ ምሕረት›› ነው ተብሎ ነጥብ ሊከለከል ይችላል፡፡ ጨዋታው በዚህ ቅጽበት ወደ ክርክር ይለወጣል፡፡

በየቢሮው የሻይ ሰዓት፣ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በየስልኩ የሚካሄደው የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ብዙ ሰው የሚወደው ጨዋታ ነው፡፡ ስለጨዋታው ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ማን ብዙ እንደመለሰ ነው፡፡ የጨዋታውን ታሪክ መለስ ብሎ ለተመለከተ ግን ጨዋታውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ከመላሹ ይልቅ ጠያቂው ሆኖ ይገኛል፡፡

አገር ስጠኝ

በጥያቄ መጫወት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ‹‹እንቆቅልሽ›› ሲባል ‹‹ምን አውቅልህ›› እያልን ያደግን ብዙዎች ነን፡፡ መላሹ ካቃተው ጠያቂው ‹‹አገር ስጠኝ›› ይለዋል፡፡ ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ተንደላቆ፣ በተሸናፊው ላይ ቀልዶ ሲያበቃ መልሱን ይናገራል፡፡

እዚህ ላይ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ፡፡ አንደኛ፣ ቅጣቱ የቃል ብቻ ስለሆነ ማንም ተጎድቶ አይሄድም፡፡ ሁለተኛ፣ ጠያቂው መልሱን ሳይናገር ጨዋታው አያልቅም፡፡ አገር የተቀበለ ሰው መልስ ዕዳ አለበት፡፡ በእንቆቅልሽና በጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ መካከል ልዩነት መኖሩ ግልጽ ነው፡፡ እንቆቅልሽ አስተውሎ ለማገናዘብ ሲሆን፣ ጠቅላላ ዕውቀት ግን አስቀድሞ ያነበቡትንና የሰሙትን ለማስታወስ ነው፡፡ ሆኖም ሁለቱ የአያቶቻችን ደንቦች ለዛሬውም ጨዋታ ይሠራሉ፡፡

ከጨዋታ ወደ ገንዘብ

ጥያቄና መልስ በሬዲዮና በቴሌቪዥን መስፋፋት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፡፡ ብዙ ገንዘብ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ያሳየው በአሜሪካ የተከሰተው የ1950ዎቹ ቅሌት ነው፡፡ ‹‹ትዌንቲ ዋን›› በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ኸርበርት ስቴምፕል የተባለ ተወዳዳሪ ለሳምንታት ሲያሸንፍ ከቆየ በኋላ፣ አዘጋጆቹ ሆነ ብሎ እንዲሸነፍ አዘዙት፡፡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1956 ለ1955 ምርጥ ፊልም ኦስካር የተሸለመው የትኛው እንደሆነ ተጠየቀ፡፡ መልሱ ‹‹ማርቲ›› መሆኑን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ግን በታዘዘው መሠረት ሌላ ፊልም ጠራ፡፡ ቦታውን የያዘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ቻርልስ ቫን ዶረን ነበር፡፡ ቫን ዶረን በመላ አገሪቱ ዝነኛ ከሆነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1959 በኮንግረሱ ፊት ቀርቦ ጥያቄና መልሱ አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር ተናገረ፡፡ በ1960 የወጣው ሕግም እንዲህ ያለውን ውድድር ማጭበርበር ወንጀል አደረገው፡፡

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች የታወቁ አዋቂዎች ነበሩ፡፡ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የጠያቂው ሐቀኝነት ነበር፡፡

ከቴሌቪዥኑ ጎን ለጎን ያለገንዘብ የሚካሄደውም ጨዋታ መንገዱን ቀጥሏል፡፡ በእንግሊዝ ከ1970ዎቹ ወዲህ በየመጠጥ ቤቱ በቡድን ተቀምጦ መወዳደር የምሽት ልማድ ሆነ፡፡ ጨዋታውን በዓለም ዙሪያ ወደየቤቱ ያስገባው ግን ከካናዳ የመጣ አንድ ሰሌዳ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1979 በሞንትሪያል ክሪስ ሄኒ እና ስኮት አቦት የተባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ‹‹ትሪቪያል ፐርሱት›› የተባለውን ጨዋታ አሰቡ፡፡ ጥያቄዎቹ በስድስት ዘርፍ የተከፈሉ ነበሩ፤ ጂኦግራፊ፣ መዝናኛ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይንስና ተፈጥሮ፣ እንዲሁም ስፖርት፡፡ የመጀመሪያው ዕትም 6 ሺህ ጥያቄዎች ነበሩት፡፡ በ1984 ብቻ በሰሜን አሜሪካ 20 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል፡፡

በመጽሐፍ ውስጥ የተቀበረ ወጥመድ

የትሪቪያል ፐርሱት ስኬት አንድ ክስ ይዞ መጣ፡፡ ፍሬድ ወርዝ የተባለ አሜሪካዊ ስለጥቃቅን ዕውቀቶች መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር፡፡ ሥራውን የሚገለብጥ ቢኖር ለመያዝ እንዲመቸው፣ ‹‹ኮሎምቦ›› በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያለው መርማሪ ፖሊስ የመጀመሪያ ስሙ ‹‹ፊሊፕ›› ነው ብሎ የፈጠራ መረጃ በመጽሐፉ ውስጥ አስገባ፡፡ በትሪቪያል ፐርሱት ካርዶች ላይም ያው ‹‹ፊሊፕ›› ተገኘ፡፡

ወርዝ በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ፡፡ የጨዋታው ባለቤቶች ከመጽሐፉ መውሰዳቸውን አልካዱም፤ ከብዙ ምንጮች እንደወሰዱ ግን አስረዱ፡፡ ፍርድ ቤቱም መረጃ የማንም የግል ንብረት አይደለም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው፡፡ የይግባኙ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1987 ውሳኔውን አጸናው፡፡

በሕግ ያሸነፉት የጨዋታው ባለቤቶች ናቸው፡፡ በዕውቀት በኩል ግን የተሸነፈው በየቤቱ ‹‹ፊሊፕ›› ብሎ ነጥብ ያገኘው ተጫዋች ነው፡፡ በድራማው ውስጥ ለአፍታ የሚታየው የመርማሪው መታወቂያ ‹‹ፍራንክ›› ይላል፡፡ ‹‹ፍራንክ›› ያለው ተጫዋች ደግሞ ትክክል ሆኖ ሳለ ነጥብ ተነፍጎታል፡፡

የተሳሳተ ጥያቄ ለምን ይጎዳል?

‹‹ለጨዋታ ያህል ነው፤ ምን ያካብደዋል?›› የሚል አይጠፋም፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል፡፡ የመጀመሪያዎቹ 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሁለተኛዎቹ 61 በመቶ ያህል አስታውሰዋል፡፡ መጠየቅ የሚያውቁትን መለኪያ ብቻ ሳይሆን ማስተማሪያም ነው ማለት ነው፡፡

ይኸው ኃይል ለስህተትም ይሠራል፡፡ በ2005 ሮዲገር እና ማርሽ እንዳሳዩት፣ ምርጫ ያለው ፈተና የወሰዱ ተማሪዎች ከተሳሳቱት አማራጮች አንዳንዶቹን በኋላ እንደ እውነት ይዘው ሲመልሱ ተገኝተዋል፡፡ መድኃኒቱም በጥናት ተረጋግጧል፤ ትክክለኛው መልስ ሲነገራቸው ጉዳቱ ይቀንሳል፡፡ እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ሲታረም ከሌላው ይበልጥ እርማቱን እንደሚይዝ በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት አመልክቷል፡፡ ‹‹አገር ስጠኝ›› ብሎ መልሱን የሚነግረው የጥንቱ ጠያቂ ያለጥናት የደረሰበት ይኸው ነው፡፡

እኛ ዘንድ የሚያሳስቱ ጥያቄዎች

ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ጥያቄዎች የራሳቸው ወጥመድ አሏቸው፡፡ ጥቂቶቹን እንመልከት፡፡

የዘመን አቆጣጠር፡- በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፡፡ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፡፡ ‹‹ሴፕቴምበር መስከረም ነው›› ብሎ 7 የሚቀንስ ሰው 1953 ይላል፡፡ ዕለቱ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር፡፡ አዲሱ ዓመት የገባው በማግስቱ ነው፡፡

አንዲት ቃል፡- ‹‹በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ማን ናት?›› ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን ደራርቱ ቱሉ እንላለን፡፡ ደራርቱ በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ባለወርቅ ሆናለች፡፡ ነገር ግን ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙታዋከል በ1984 በሎስ አንጀለስ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ አግኝታለች፤ የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ደግሞ ከዚያም ቀድመው በ1952 በሄልሲንኪ አሸንፈዋል፡፡ ‹‹ጥቁር›› የምትለዋ ቃል ከጥያቄው ከወጣች መልሱ ይፈርሳል፡፡

ጊዜ ያለፈበት መልስ፡- ‹‹ኢትዮጵያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ስንት ሥፍራዎች አሏት?›› የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 ሲመዘገብ ዘጠኝ ነበሩ፡፡ በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ መልክዓ ምድር ተጨምረው 11፣ በ2024 ደግሞ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ታክሎ 12 ሆኑ፡፡ ከቆየ መጽሐፍ የገለበጠ ጠያቂ ትክክለኛ መላሽን ሊቀጣ ይችላል፡፡

የልኬት ልዩነት፡- የራስ ዳሽን ከፍታ በቀደሙት መጻሕፍት 4 ሺህ 620 ሜትር ሲሆን፣ በኋላ በወጡት 4 ሺህ 550 ሜትር ተብሎ ይገኛል፡፡ ‹‹የኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ ማን ነው?›› ብሎ መጠየቅ እየተቻለ ስለሜትሩ ጓደኛን ማጣላት አያስፈልግም፡፡

የተጋነነ ማዕረግ፡- ሉሲ ወይም ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1974 በሐዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፡፡ ‹‹በኢትዮጵያ ከተገኙት የሰው ዘር ቅሪቶች ሁሉ ቀዳሚዋ›› ብሎ መጠየቅ ግን ስህተት ነው፡፡ በዚያው በአፋር የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ናት፡፡

ጥሩ ጠያቂ ለመሆን

ይህንን ጨዋታ በመሥሪያ ቤት፣ በቤተሰብ ወይም በጓደኞች መካከል ማዘጋጀት ለሚፈልግ አንባቢ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅሙታል፡፡

ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ይኑረው፡፡ ‹‹የዓለም ረጅሙ ወንዝ?›› ሲባል ዓባይ የሚሉና አማዞን የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፡፡ ‹‹የአፍሪካ ረጅሙ ወንዝ?›› ሲባል ግን ክርክር የለም፡፡

የሚቀያየር ነገር ከሆነ ዓመቱ፣ ዓመት ከሆነ ደግሞ አቆጣጠሩ ይነገር፡፡

መልሱ እርስ በርሳቸው ካልተገለባበጡ ሁለት ምንጮች ይረጋገጥ፡፡ አሥር ቦታ የተጻፈ ሁሉ አሥር ማስረጃ አይደለም፡፡ የቻይና ታላቁ ግንብ ከጠፈር በዓይን ይታያል የሚለው ወሬ ለረጅም ዘመን በየመጽሐፉ ሲጻፍ ቆይቷል፤ ቻይናዊው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌ በ2003 ከጠፈር ሲመለስ ግን ግንቡን እንዳላየው ተናግሯል፡፡

ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ ይሂዱ፤ ዘርፋቸውም ይለያይ፡፡ ኳስ ብቻ የሚያውቀውም፣ ታሪክ ብቻ የሚያነበውም አንዳንድ ነጥብ ይዞ መውጣት አለበት፡፡ ማንም የማይመልሰው ጥያቄ የጠያቂውን አዋቂነት ከማሳየት ሌላ ጥቅም የለውም፡፡

የነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ ይታወቅ፡፡ ከ1962 ጀምሮ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሚታወቀው ‹‹ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ›› ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ የመነሻው ጥያቄ 10 ነጥብ ሲኖረው በግል ይመለሳል፡፡ የመለሰው ቡድን እየተመካከረ የሚመልሳቸው ባለ5 ነጥብ ሦስት ተከታይ ጥያቄዎች ያገኛል፡፡ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ደውሎ የተሳሳተ 5 ነጥብ ይቀነስበታል፡፡

በስልክ ለሚጫወቱም ተመሳሳይ ነው፡፡ ቴሌግራም ከ2020 ጀምሮ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ማዘጋጃ ጨምሯል፤ ሰዓት መገደብና ከመልሱ ሥር አጭር ማብራሪያ ማስፈርም ይቻላል፡፡ የሰዓቱ ገደብ ከኢንተርኔት ፈልጎ መመለስን ይቀንሳል፡፡ ማብራሪያው ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት ቢሆንም የተሳሳተው ሰው የሚማርበት ቦታ ነው፡፡

በመጨረሻም፣ መላሹ ‹‹ተሳስተሃል›› ብሎ ጠያቂውን መሞገት የሚችልበት ደንብ ይኑር፡፡ ሙግቱ በጨዋታው መሐል ከሚሆን ጥያቄው ተመዝግቦ መጨረሻ ላይ ቢታይ ይሻላል፡፡ ጠያቂው የተሳሳተ እንደሆነም ነጥቡን ይመልስ፤ ስህተቱንም በሁሉም ፊት ይመን፡፡ እንቆቅልሽ ላይ ያቃተው መላሽ አገር እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የተሳሳተ ጠያቂም ጎንደርን ቢሰጥ ነውር የለበትም፡፡