ቅድሚያ ክፍያ፦ የአዲስ አበባ አነስተኛ ቤቶች የገንዘብ ታሪክ

በአዲስ አበባ ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ነዋሪ ቤት የመሥራት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የመሬትና የግንባታ ታሪክ ሆኖ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ እስከ ኮንዶሚኒየም ድረስ መልኩን እየለዋወጠ የቆየው ጥያቄ የቤት መሥሪያውን ገንዘብ ማን ያሰባስባል፣ ማንስ በአደራ ይይዘዋል የሚለው ነበር።

በዘውዱ ዘመን የከተማው ቦታ በአብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበረ ብዙው ነዋሪ ከእነርሱ ወይም ከእነርሱ ቦታ ከያዙ ሰዎች የጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። በ1950ዎቹ ለቤት መሥሪያ የሚያበድሩ ሁለት ተቋማት ተመሠረቱ፤ አንደኛው የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበር፣ ሁለተኛው የቁጠባና የሞርጌጅ ኮርፖሬሽን ነበር። ሞርጌጅ ማለት የሚሠራው ወይም የሚገዛው ቤት ራሱ መያዣ ሆኖ የሚሰጥ የረጅም ጊዜ ብድር ስለሆነ፣ ቋሚ ደመወዝና የራሱ ቦታ የሌለው ሰው ከሁለቱም ደጃፍ የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ዘውዱ ከወረደ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ማድረጊያ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ሥርዓት በአንድ ቀን ገለበጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ሕዝቡ ባጭሩ «ኪራይ ቤቶች» ለሚለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ ኪራዩም እስከ 300 ብር ድረስ ባሉት ቤቶች ላይ እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለተከራዩ ይህ ትልቅ እፎይታ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ቤቶቹን ማደሻና አዳዲስ መሥሪያ ሊሆን የሚችለው ገቢ አብሮ ስለተመናመነ፣ ቀበሌ ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮ የሚለውጥበት አቅም እንኳ አጣ። የግል አከራዩ ከገበያው ወጥቶ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሳይተካው በመቅረቱ፣ የአዲስ አበባ ሰው በደባልነት መኖርንና በግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት መቀጠልን መውጫ አደረገ።

ከዘውዱ ዘመን የተረፉት ሁለቱ አበዳሪዎች በ1968 ዓ.ም. ተዋህደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። ባንኩ በተለይ የሚያበድረው ለቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር፤ እነዚህ ማኅበራት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወይም የአንድ ሠፈር ሰዎች ተሰባስበው ቦታ በነፃ የሚያገኙባቸው፣ የጋራ ንድፍ የሚከተሉባቸውና ብድሩን ዝቅ ባለ ወለድ የሚወስዱባቸው ስለነበሩ፣ በከተማው ታሪክ የመንግሥት ቦታ፣ የባንክ ገንዘብና የነዋሪው የራሱ መዋጮ በአንድ ውል ውስጥ የተገናኙበት ቅርጽ ከዚህ የተሻለ አልታየም ማለት ይቻላል። ዕቁብና ዕድር ለለመደ ሕዝብ አካሄዱ እንግዳ አልነበረም። ድክመቱ ግን ከዘውዱ ዘመን የወረሰው ነው፤ አባል ለመሆን መዋጮ፣ መዋጮ ለመክፈል ደመወዝ ያስፈልግ ስለነበር ጉልት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው አሁንም ከውጭ ቀሩ። ከደርግ መንግሥት ውድቀት በኋላ የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1986 ቦታን በክፍያ የሚገኝ አደረገው፤ ባንኩም ስሙን ወደ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ለወጠና በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዶ ሕልውናው አበቃ።

የኮንዶሚኒየሙ መርሐ ግብር የመጣው አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በተጠና ርካሽ የግንባታ ዘዴና በቦሌ ገርጂ በተሠሩ 750 የሙከራ ቤቶች ነው። የገንዘቡ አሠራር ከግንባታው ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። የከተማው አስተዳደር ቦታውን በነፃ አቅርቦ ቦንድ፣ ማለትም የተበዳሪነት ሰነድ፣ ለንግድ ባንክ ይሸጥና በተገኘው ገንዘብ ያስገነባ ነበር፤ ዕጣ የወጣለት ሰው 20 በመቶውን ቀድሞ ይከፍል፣ ቀሪውን 80 በመቶ ባንኩ በአስተዳደሩ ዋስትና ያበድረው ነበር። ስቱዲዮ የሚባለው ባለአንድ ክፍል ቤት ከወጪው ባነሰ፣ ባለሦስት መኝታው ከወጪው በበለጠ ዋጋ ይተመን ነበር፤ ምድር ቤት ያሉት ሱቆች ደግሞ በጨረታ ተሽጠው ጉድለቱን ይደጉሙ ነበር። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር። ለባለሀብት ትርፍ ሳይሰጥ ሀብታሙን ለድሃው የሚያስከፍል ብልህ ስሌት ነበር፤ ሆኖም የብድሩን ወርኃዊ ክፍያ ያልቻለ ዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ሠፈር ተከራይቶ ኖረ።

በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ የእነዚህ ተራ ሳያልቅ በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ ዘርፎች አዲስ ምዝገባ ተከፈተ፤ ቁጥሮቹ ቆጣቢው የሚያስቀምጠውንና ባንኩ የሚያበድረውን ድርሻ በመቶኛ የሚያሳዩ ናቸው። ከዚህ ወዲያ ተመዝጋቢው ዕጣው ሳይወጣ በየወሩ በንግድ ባንክ እንዲቆጥብ ስለተገደደ፣ ብዙ የነዋሪ ገንዘብ በአንድ ባንክ ተጠራቀመ፤ የገንዘቡ ባለቤቶች ግን በአጠቃቀሙ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። በ2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬ ላይ የተሠሩት ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ የተነሣው ተቃውሞ፣ ቆጣቢው በከተማ፣ ቤቱ በክልል ወሰን አጠገብ ሲሆን ሁለቱን አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ተቋም አለመኖሩን ገለጠ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የ25,491 ቤቶች ዕጣ መረጃው ተነካክቷል በሚል ተሰርዞ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወጣ።

በሌላው ዓለም እንዲህ ላለው ክፍተት የተፈጠረው መሣሪያ ባለአደራ ፈንድ ነው፤ በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ የተቋቋመው ፈንድ የአካባቢውን መንግሥታትና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን መዋጮ በአንድ ቋት ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ሰዎችና ለቤት አልሚዎች እያበደረ፣ ሲመለስለት መልሶ ያበድራል። በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 መንግሥትና የግል ባለሀብት አብረው የሚሠሩበትን በር ቢከፍትም፣ የሚደነግገው አንድን ፕሮጀክት ከአንድ ባለሀብት ጋር የሚያስተሳስር ውልን ነው፤ የቆጣቢውን፣ የከተማውንና የክልሉን ገንዘብ በአንድ ላይ ስለሚይዝ ቋሚ ባለአደራ አይደነግግም።