ክሪና

በእስራኤል፣ ጋን ያቭኔ ውስጥ «አንቴና ሊተከል ነው» ከተባለ ቀድሞ የሚነሳው የዕብራይስጥ ቃል «ክሪና» ነው። በአማርኛ ጨረራ እንለዋለን። ሁለቱም ቃላት ግን ከልክ በላይ ሰፊ ናቸው፤ ራጁም፣ የፀሐይ ብርሃኑም፣ የስልኩ ሞገድም እዚያው ውስጥ ይገባሉ። ራጅ ከአቶም ኤሌክትሮን ነቅሎ ያወጣል፤ አዮን መፍጠር የሚባለው ይህ ነው። የስልክ ሞገድ ለዚያ አቅም የለውም፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥራው ማሞቅ ነው። የእስራኤል የ2006 ሕግም የወጣው «አዮን ስለማይፈጥር ጨረራ» ነው፤ «የማይፈጥር» የምትለዋን ግን ወሬው ይውጣታል።

ስልክ ስትገዙ የምታዩት «ኤስ ኤ አር» ደግሞ አንድ ኪሎ የሰውነት ክፍል የሚውጠው ኃይል ነው፣ በዋት። ለጭንቅላት የአውሮፓ ጣሪያ በ10 ግራም አማካይ 2 ነው፤ የአሜሪካ በ1 ግራም 1.6። በ2023 ፈረንሳይ የአይፎን 12 ሽያጭን ያስቆመችው ለእጅና እግር ከተፈቀደው 4 አልፎ 5.74 ስለተለካ ነው፤ አፕልም በሶፍትዌር አስተካከለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን የመደበው «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ጋር ነው፤ «ይሆናል» ትሰመርበት።

እኔን የሚገርመኝ አንቴናውን የሚፈራ ሰው ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ መሟገቱ ነው። ሞገድ በርቀት ቶሎ ይደክማል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ስልኩ ራሱ ኃይሉን ይጨምራል። ማማድ (የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል) ገብታችሁ፣ በዚያ ወፍራም ኮንክሪት መሃል አንድ የኔትወርክ መስመር ብቻ ሲታያችሁ፣ ስፒከሩን አብርታችሁ ስልኩን ከጆሮ አርቁት፤ መልእክት መጻፍ ደግሞ ይሻላል።