የብረት መመጠጥ በአንጀት
የብረት መመጠጥ በምግብ ውስጥ ያለ ብረት በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ደም የሚገባበት ሂደት ነው። በአብዛኛው የሚካሄደው ዱዎዲነም በሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ነው። ብረት ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የሚሠራበት በመሆኑ፣ ሲጎድል ደም ማነስ ይከተላል፤ ሰውየው ጠግቦ እየበላም ቶሎ ይደክመዋል።

የተበላው ብረት ሁሉ አይመጠጥም። የሥጋው በቀላሉ ይገባል፤ የእህልና የጥራጥሬው ግን ፋይቴት በተባለ ውሕድ ስለሚያዝ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል። ጤፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብረት እንደሚበዛበት ዘወትር ይነገራል፤ ነገር ግን በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀልበት ብረትም አብሮ ይለካል፣ ይህኛውን ደግሞ አንጀት እምብዛም አይመጥጠውም። በአንጻሩ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የእንጀራን ጥቅም በዱቄቱ የብረት መጠን ብቻ መገመት ያሳስታል።

ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡና ወይም ሻይ መመጠጡን ይቀንሳል፤ ቫይታሚን ሲ ያላቸው እንደ ብርቱካንና ቃሪያ ያሉት ይጨምሩታል።

አንዳንዴ ጉድለቱ ከአመጋገብ አይመጣም። የመንጠቆ ትል እጭ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ካደገ በኋላ ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ስለሚመጥ፣ የገባው ብረት መልሶ ይወጣል።