የቴዎድሮስ ታሪክ በዜና መዋዕልና በመድረክ

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ በኩል ወደ ስሜን የሚያቀናው መንገድ ኮሶዬ ሲደርስ ከታላቅ ገደል አፋፍ ላይ ይወጣል። ከዚያ ማዶ ያለው የስሜን አገር በዘመነ መሳፍንት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛት ነበር፤ ደጃዝማች ውቤ ግን የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና፣ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካሣ ኃይሉ በሁለተኛው ቀን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ።

የእኒህን ንጉሥ ገድል ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም እንደ ቀድሞው ልማድ በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፉት። ዘነብ በፍቅር ጽፎ የመከራው ዘመን ሳይደርስ አበቃ፤ ወልደ ማርያም ግን እስከ መቅደላ ፍጻሜ ዘልቆ የንጉሡን ጭካኔም ሳይሸሽግ መሰከረ። ከዘመናት በኋላ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. ይኸንኑ ታሪክ ወደ ተውኔት አመጡት።

መድረክ ከመጽሐፍ የሚበልጥበት አለ። የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድ ካሣን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው ስለ ሰደቧቸው፣ ካሣ ድል ነሥተው ከማረኳቸው በኋላ ኮሶ አስፈጭተው አጠጧቸው እየተባለ ይተረካል። ጸሐፊ በሁለት መስመር ሊያልፈው የሚችለውን ይህን ነገር፣ ተዋናይ የተበጠበጠውን ጽዋ ይዞ ምርኮኛው ፊት ሲቆም፣ የእናት ውርደት በልጅ ልብ ምን እንዳደረገ ተመልካቹ ያለ ተርጓሚ ያውቀዋል።

ነገር ግን ተውኔት በባሕርዩ መራጭ ነው፤ በጥቂት ሰዓት የሰውን ዕድሜ ሊያሳይ ስለሚገደድ የጀግናውን ሞት ያጎላል፣ በ1859 ዓ.ም. የተቃጠለችውን የጎንደርን ልቅሶ ግን ሊያሳጥር ይችላል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ተውኔቱን አይተህ ልብህ በተነካ ጊዜ በዚያ አትቁም፤ ሁለቱን ዜና መዋዕሎች አጠገብ ለአጠገብ አንብብ፤ ጀግናን በእውነት የሚያከብረው ደግነቱንም በደሉንም አብሮ የሚያውቅ ነውና።