የትንበያ መቶኛና የዘር ወቅት ውሳኔ፦ የይሆንታ ስሌት መግቢያ

«ነገ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ 40 በመቶ ነው» ሲባል ከቀኑ 40 በመቶው ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ትንበያ በተነገረባቸው 100 ቀናት ውስጥ በትንበያው ክልል በሚገኝ አንድ ቦታ በ40ዎቹ ገደማ ዝናብ ይጥላል ማለት ነው። ይህ አኃዝ በሒሳብ ትምህርት ይሆንታ ይባላል፤ ከ0 እስከ 1 ባለው ልክ 0.4 ተብሎ ይጻፋል። የማይዘንብበት ይሆንታ ደግሞ ከ1 ላይ 0.4 ሲቀነስ 0.6 ነው። አኃዙ የዝናቡን መጠን አይናገርም፤ ካፊያም ሆነ መሬት የሚያርስ ዝናብ በዚሁ ይቆጠራል።

ለመዝራት እርጥበት የሚጠብቅ አርሶ አደር ከአንድ ቀን ይልቅ የተከታታይ ቀናት ዕድል ያሳስበዋል። ለሦስት ቀናት በየቀኑ 40 በመቶ ቢተነበይ መቶኛዎቹን መደመር ስሕተት ነው፤ ድምሩ 120 በመቶ ይመጣል፤ ከመቶ በላይ የሆነ ዕድል ደግሞ የለም። የሚባዛው ሳይዘንብ የማለፍ ይሆንታ ነው፦ 0.6 × 0.6 × 0.6 = 0.216። ይህ ከ1 ሲቀነስ ቢያንስ በአንዱ ቀን የመዝነብ ይሆንታ 0.784፣ ማለትም 78 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ የአንዱ ቀን ሁኔታ ከሌላው ጋር እንደማይያያዝ ይቆጥራል። በተግባር ግን ደረቅ ቀናት ተከታትለው የመምጣት ጠባይ ስላላቸው እውነተኛው ዕድል ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ አነባበቡ ለየት ይላል። በዚህ ዓይነት ትንበያ ያለፉ ዓመታት የዝናብ መጠን በቅደም ተከተል ተደርድሮ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛና ከመደበኛ በላይ በሚሉ ሦስት እኩል ክፍሎች ይመደባል። መነሻው የ30 ዓመት መረጃ ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል 10 ዓመታት ይይዛል። ስለዚህ ትንበያ ባይኖር የእያንዳንዱ ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው።

ለአንድ አካባቢ ክረምት ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ተተንብዮአል እንበል። ብዙዎች ይህን «ዘንድሮ ዝናብ ያጥራል» ብለው ያነቡታል። ሆኖም ሦስቱ ሁኔታዎች በአንድ ወቅት አብረው ስለማይከሰቱ እዚህ ላይ መደመር ይቻላል፦ 35 ሲደመር 20፣ 55 በመቶ። ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ አሁንም ከግማሽ ይበልጣል።

ታዲያ ትንበያው ምን ይጠቅማል? ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ለመግዛት 800 ብር ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል፤ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ሲሆን ደግሞ 2,000 ብር ከሚያወጣ የምርት ጉዳት ያድናል እንበል። በ33 በመቶ ዕድል የሚጠበቀው ጥቅም 2,000 × 0.33 = 660 ብር ስለሆነ ወጪውን አይሸፍንም። በ45 በመቶ ግን 900 ብር ይሆናል፤ ዘሩን መግዛት ያዋጣል። ሁለቱ የሚተካከሉት 800 ለ2,000 ሲካፈል በሚገኘው 40 በመቶ ላይ ነው። የብሩ አኃዝ ለምሳሌ የቀረበ በመሆኑ እያንዳንዱ አርሶ አደር በአካባቢው ዋጋ ሊተካው ይገባል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም በዚህ ሊያግዙት ይችላሉ።

ዘሩ ተገዝቶ ዝናቡ መልካም ቢሆን ትንበያው ዋሽቷል አይባልም፤ 55 በመቶው ዕድል አስቀድሞ ተነግሯልና። ትንበያ የሚመዘነው በአንድ ክረምት ሳይሆን 45 በመቶ የተባለባቸው በርካታ ወቅቶች ተሰብስበው ሲቆጠሩ ነው።